«ማረጋገጥ አልተሳካም»፦ ማን ማንን?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። የጥምቀት ፎቶዎችን ወደ ደመና ማከማቻ ስጭን «ማረጋገጥ አልተሳካም» ይለኛል። ያልተረጋገጠው ፎቶው ነው ወይስ እኔ? ደግሞስ አማርኛው ልክ ነው?

መልስ፦ ያልተረጋገጡት እርስዎ ነዎት። ፎቶው ምንም አላጠፋም። ግራ ቢገባዎት ግን አይፈረድብዎትም፤ ጥፋቱ የአባባሉ ነው።

«አረጋገጠ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ተሳቢ ይፈልጋል። ምኑን ነው ያረጋገጠው? ሥሩ «ረገጠ» ነው። መካከለኛው ፊደል «ገ» ሲደገም የድርጊቱን መደጋገም ያሳያል። ወንዝ የሚሻገር ሰው ድንጋዩን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ይሞክረዋል፤ ካልከዳው ይቆምበታል። «እርግጥ»ም «እርግጠኛ»ም ከዚያው ናቸው። ታዲያ የሚረገጠው ነገር ሳይጠራ «ማረጋገጥ አልተሳካም» ማለት ድንጋይ የሌለው መሻገሪያ ነው።

«ማረጋገጥ ብቻውን ይበቃል፤ አጭር ነው፤ ስክሪን ላይ ይገባል» የሚሉ አሉ። አጭር? «ማንነትዎ አልታወቀም» ይበሉና ይቁጠሩት። ሁለቱም 11 ፊደል ናቸው።

መታወቅና መፈቀድም ይለያያሉ። የፋሲል ግቢ 12 በሮች ነበሩት። በረኛው «ማነህ?» ቢል አንድ ነገር ነው። «አውቅሃለሁ፣ ግን በዚህ አታልፍም» ቢል ሌላ ነው። በኢንተርኔት አገልግሎቱ እምቢ ሲል የስሕተት ቁጥር ይመልሳል፤ የመጀመሪያው 401፣ ሁለተኛው 403 ይባላል። እንግሊዝኛውም እዚህ ላይ ተምታቶበታል፤ የ401 ስም «ያልተፈቀደለት» ነው፣ ትርጉሙ ግን «ያልታወቀ»። ከእነሱ ስሕተት መቅዳት የለብንም።

ወደ ችግርዎ ልምጣ። መጀመሪያ የኮምፒውተርዎን ሰዓት ይዩ። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ማሽኑም 3 እንዲል በእጁ የሚያስተካክል ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። ማሽኑ ግን 9 ማለት ነበረበት። አንዳንድ ማከማቻዎች ኮምፒውተሩ ከሚልከው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ሰዓት የተጻፈበት ዲጂታል ፊርማ ይጠይቃሉ። የአማዞን ኩባንያ ደመና ማከማቻ የሆነው ኤስ3 ከራሱ ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ ጥያቄውን ሳይቀበል ይመልሰዋል። የእኔ ልዩነት 6 ሰዓት ነበር። ደግሞ የሚመልሰው 403 ብሎ ነው፤ እኔ ብሆን 401 እል ነበር። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉት። ዊንዶውስ ከሆነ የሰዓት ቀጠናችንን «ናይሮቢ» በሚለው ስም ያገኙታል።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ፣ በቅርቡ የይለፍ ቃል ቀይረው እንደሆነ ያስቡ። ፕሮግራሙ አሮጌውን ይዞ ይሆናል፤ ወጥተው እንደገና ይግቡ። («የይለፍ ቃል» ነው እንጂ «ይለፍ ቃል» አይደለም። «ይለፍ» የበረኛው ትእዛዝ ነው፤ ያለ «የ» ጆሮዬ አይቀበለውም። ግማሹ አገር ያለ «የ» እንደሚጽፈው አላጣሁትም።)

«ስጭን» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ጭነት ለበቅሎም ለደመናም ይሆናል። «ሰቀልኩ» የሚሉት ግን ፎቶውን ግድግዳ ላይ ያንጠለጠሉት ይመስለኛል። እርግጥ «ጫን» ፕሮግራም ለመጫንም ያገለግላል፤ «ስቀል» ባዮቹ በዚህ ይረቱኛል።

ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ አየሁት። «ማንነትህ አልታወቀም ነው የሚልህ?» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ ሎግኢን እምቢ ብሎኝ ነው» አለኝ። «ሎግኢን»ን ዋጥኳት። «እምቢ» እንኳን የራሳችን ናት።