የተስተካከለው የልብ ምት እንደገና እንዳይዛባ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ58 ዓመት እናትሽ ልባቸው በድንገት እየተርገበገበ ሆስፒታል ገቡ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ማለትም የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች ምት መዛባት ነው ተባሉ። ምታቸው ተስተካክሎ፣ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛና ሌላ ክኒን ይዘው ወጡ። አሁን «ድኛለሁ፣ መድኃኒቱ ይቅርብኝ» እያሉ ነው። ተመልሶ እንዳይመጣ፣ እንዳይብስም ምን እናድርግ ነው ያልሽው።

ሐኪም አይደለሁም። ባሕር ዳር የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ከዚህ በሽታ ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። የደረሰብኝንና ሐኪሞቼ ያስረዱኝን ልንገርሽ። ክኒን መቀየሩንና መጠኑን ግን ለሐኪማቸው ተይለት።

እኔን የጀመረኝ በፋሲካ ማግስት ነው። ሁዳዴን ጾሜ ስፈታ ዶሮውንም፣ ጠላውንም፣ አረቄውንም በአንድ ቀን ተያያዝኩት። ሌሊት ላይ ልቤ ታንኳ ውስጥ እንደተጣለ ቆሮሶ ዓሣ ይፈራገጥ ጀመር። ሲነጋ ለቀቀኝ። ስለለቀቀኝም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሁለተኛው ጊዜ ሙሉ ቀን ቆየ። ሦስተኛው አራት ቀን።

ጥፋቴ ያ ዝምታ ነበር። ይህ በሽታ በመጣ ቁጥር ለሚቀጥለው መንገድ ይጠርጋል። የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች ይለጠጣሉ፣ ጠባሳ ያወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ነገር ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሆላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች የፍየሎችን ልብ በመሣሪያ እየደጋገሙ አዛቡት። መጀመሪያ ላይ ምቱ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ያስተካክል ነበር። እያደር ግን ከ11ዱ ፍየሎች በ10ሩ ላይ መዛባቱ ከ24 ሰዓት በላይ መዝለቅ ጀመረ። ሐኪሜ ይህን ሲነግረኝ «እንግዲያው ፍየሉ እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀብኝ።

ስለዚህ የሚቀሰቅሰውን ነገር ማጥፋት ነው። ከሁሉ በፊት የደም ግፊታቸውን አስለኪ። የእኔ ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሮ አላወቅኩም። አንድ ቀን ለክቶ መመለስ አይበቃም። መለኪያ ማሽን መግዛት ከቻላችሁ ግዙና ጠዋትና ማታ እየለካችሁ ጻፉት። ጨው ቀንሱ፤ ወጡ ላይ ብቻ ሳይሆን በርበሬው ውስጥ ያለውንም ቁጠሪ።

መጠጥን በተመለከተ እናትሽ ምናልባት አይነካቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ተነክቼበታለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ አዘውትረው የሚጠጡ 140 የዚህ በሽታ ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን መጠጥ እንዲተዉ አደረጉ። የስድስት ወሩ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። መጠጣት ከቀጠሉት 73 በመቶው ላይ በሽታው ተመለሰ። ከተዉት ግን 53 በመቶው ላይ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ለድግስ ስጠራ ብርዝ ነው የምጠይቀው፤ ጠጅ ቤት የለመዱኝ ወዳጆቼ እስካሁን ይቀልዱብኛል።

ቡና ላይ ግን በከንቱ ተቀጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተውኩት። ጎረቤቴ የዘጌ ቡና ስትቆላ በር ዘግቼ ነበር የምቀመጠው! በኋላ ሐኪሜ «ስትጠጣ ልብህ ካልተረበሸ ማን ከለከለህ?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናትም 200 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በሽታው ይበልጥ የተመለሰው ቡና በተዉት ላይ ሆኖ አገኘው። እናትሽ እንደ ልባቸው ሦስቱንም ይጠጡ ማለቴ አይደለም። አንድ ስኒ አትንፈጊያቸው ነው። ጫት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ልብን ያስሮጣል።

ማንኮራፋትም ሌላው ነገር ነው። ባለቤቴ «ሌሊት ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል» ስትለኝ እስቅባት ነበር። ለካ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጡ ይህንን በሽታ ይጠራዋል። ክብደት ስቀንስ በጣም ተሻለኝ። በጎን መተኛትም ረድቶኛል። ሰባት ኪሎ የጣልኩት በሌላ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር በመራመድና ማታ እንጀራ በመቀነስ ነው። እናትሽ እንቅርት ካላቸው ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ የታይሮይድ ምርመራ ይደረግላቸው። እሱ ሳይታከም ምቱ አይረጋም።

አሁን ወደ ዋርፋሪኑ ልምጣ፤ እናቶቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ክኒን ምቱን ይይዛል። ዋርፋሪን ግን ልብ ውስጥ ደም እንዳይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ እንዳያመጣ ነው። ምቱ ስለተስተካከለ አይተውም። በሽታው ሳይሰማሽም መጥቶ ሊሄድ ይችላል። ይተው አይተው የሚወስነው ሐኪም ነው።

አይ ኤን አር የሚባለው፣ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። የእኔ በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት 1.4 ሆኖ ተገኘ፤ ዝቅ ሲል ደሙ ቶሎ ይረጋል ማለት ነው። ክኒኑን አንድም ቀን አልዘለልኩም። ሐኪሟ «ምን እየበላህ ነው?» አለችኝ። ጎመን በጎመን ሆኜ ነበር፣ ሲሻኝ ቆስጣ። ቅጠሎቹ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይሰብራል። አትብላ አላለችኝም። የሳምንቱ መጠን ይመጣጠን ነው ያለችው። አሁን ጾም ሲገባና ሲፈታ እመረመራለሁ። አሚዮዳሮን የሚባል የምት ክኒን ከጨመሩላቸው ደግሞ ዋርፋሪኑን ስለሚያበረታው ምርመራው ቶሎ ቶሎ ይሁን። ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት እንዳይገዙ አደራ። እኔ ገዝቼ ነስር አልቆም ብሎኝ ያውቃል።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ላይ ሚትራል ቫልቩ (በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ጠቧል ወይ? እኛ አገር ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ነው። ቫልቩ በዚህ ከተጎዳ፣ ዘመድ ከውጭ «ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ደም ማቅጠኛ» ቢልክላችሁ በራሳችሁ አትቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን እነ ዋርፋሪን ይሻላሉ ብሏል። በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወጉት ፔኒሲሊን ታዞላቸው ከሆነም አይቋረጥ።

ጸበል መሄድ ከፈለጉ ክኒናቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ክተቺላቸው። ክኒኑን ጥላ ሰባት ቀን የቆየች ጎረቤት ነበረችን። አፏ ተጣሞ፣ ቀኝ እጇ ዝሎ ነው የመለሷት። የእኔ ንስሐ አባት ስጠይቃቸው «ውጥና ተጠመቅ» ነው ያሉኝ። እንዲህ ዓይነት ምልክት፣ ወይም የምላስ መተሳሰር ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ አስነሽ። ሰዓቱንም ጻፊው፤ መቼ እንደጀመራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።