ስለ ጎሽ ጠይቁኝ፦ 65 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ካሜራ ፊት

ጎሽ ኒውፋውንድላንድ ከሚባለው ግዙፍ የውሻ ዝርያ ነው፤ ቀለሙ ጥቁር ነው። 6 ዓመቱ ነው። የምንኖረው አትላንታ ነው፤ ከተማዋ የፊልምም የሀበሻም ስለሆነች ሥራም ወዳጅም አላጣንም። ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ማስታወቂያና ፊልም ይሠራል፣ ለካታሎግ ፎቶም ይነሳል። ሰሞኑን ከሕፃን ጋር ሶፋ ላይ የተነሳው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጥያቄው በዛ። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጎሽን የምታዢው በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?

በአማርኛ። መጀመሪያ አስቤበት አልነበረም፤ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ስለሆነ ነው። ኋላ ግን ጥቅሙን አየሁት። ቀረጻ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጯጯኻል። «ቆይ»፣ «ተነሱ»፣ «እንደገና» ይባባላሉ። ጎሽ ያ ሁሉ አይመለከተውም፤ የሚጠብቀው የእኔን ቃል ነው።

አንድ ስህተት ግን ሠርቻለሁ። መጀመሪያ «ቁጭ» እና «ቁም» ብዬ አስተማርኩት። ሁለቱም በ«ቁ» ይጀምራሉ። ጎሽ ደግሞ መነሻውን ድምፅ እንደሰማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ስለዚህ ግራ ገባው። «ቁም»ን በ«ተነስ» ለወጥኩት። ያኔ ደግሞ «ተነስ» ከ«ተኛ» ጋር ተምታታበት። በመጨረሻ «ቁጭ»፣ «ተነስ» እና «ጋደም» ላይ ረጋን። ድምፅ በሚቀረጽበት ጊዜ ግን መናገር ክልክል ነው። ስለዚህ ሁሉንም በእጅ ምልክትም ያውቃቸዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ማስታወቂያ ላይ ጌታውን በር ላይ ሲጠብቅ አይቼ አለቀስኩ። የእውነት አዝኖ ነው?

አላዘነም። ያየሽው «ጋደም» እና «አገጭ» የሚባሉ ሁለት ትዕዛዞችን ነው። «አገጭ» ስለው አገጩን መሬት ላይ ያሳርፋል። ከዚያ እኔ ከካሜራው በላይ እጄን ቀስ አድርጌ ከፍ አደርጋለሁ። እጄ ውስጥ የተቀቀለ ዶሮ አለ። ጭንቅላቱን ሳያነሳ በዓይኑ ብቻ ይከተለዋል። ዓይኑ ወደ ላይ ሲሄድ ቅንድቡ ይነሳል፣ ከሥር ነጩ ይታያል። የሚያስለቅሰው ያ ነው።

ጌታው ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ሲመጣ መደሰቱ ግን ትወና አይደለም። ተዋናዩ ከቀረጻው በፊት ግማሽ ሰዓት ከጎሽ ጋር ተጫውቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጡ ዳይሬክተሮችን እወዳለሁ። ውሻው ሰውየውን ከወደደው እኔ የምሠራው ነገር አይኖርም፤ ካልወደደው ግን በዶሮ ብዛት ማስመሰል አይቻልም። ፊት የሚልስበት ትዕይንት ግን በአብዛኛው ጉንጭ ላይ የተቀባ የሕፃን ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ ትላልቅ ውሾች ለዚህ ሥራ ይመቻሉ?

ረጋ ያሉት፣ አዎ። የሥራው አብዛኛው ክፍል መጠበቅ ነው። መብራት ሲስተካከል፣ ልብስ ሲቀየር፣ ሕፃኑ አልቅሶ ዝም እስኪል ድረስ ይጠበቃል። ጎሽ ያኔ ይተኛል። ልፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የቀረጻው ቀን ከመድረሱ በፊት ይታጠባል፣ ፀጉሩን ማድረቅ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ለሃጩን በየደቂቃው በፎጣ እጠርጋለሁ። የስቱዲዮ ወለል ስለሚያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ ለዚህ ክብደት መገጣጠሚያ ትልቅ ነገር ነው። ከሥራ በፊት ጥግብ ብሎ አይበላም። ደረተ ጥልቅ ትላልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ ያ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ ለሽልማት የማበላው ዶሮ ከዕለቱ ምግቡ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ ፊልም ላይ የምናየው ውሻ አንድ ብቻ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በ1992 የወጣውን «ቤትሆቨን» የተባለውን የውሻ ፊልም አስታውሱ። ዋናው ግዙፍ ሴንት በርናርድ ስሙ ክሪስ ነበር፤ አሠልጣኙም ካርል ሉዊስ ሚለር። ቡችላ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ትላልቅ ዝርያዎች በሳምንታት ውስጥ ስለሚመዘዙ፣ አንድ ቡችላ ቀረጻው ሳያልቅ ሌላ ውሻ ይመስላል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቡችሎች ይፈራረቃሉ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ውሻ ፎቶ ላይ አይጠፋም?

ይጠፋል! ካልተጠነቀቁ ዓይን የሌለው ጥቁር ክምር ሆኖ ይወጣል። ጥሩ ፎቶ አንሺ መብራቱን ከጎን ያመጣና የፀጉሩን መስመር ያወጣዋል፤ ዓይኑ ውስጥም ትንሽ ብርሃን ያኖራል። በነገራችን ላይ ይህ ዝርያ ለሞዴልነት አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዊን ላንድሲር ወደብ ላይ የተጋደመ ጥቁርና ነጭ ኒውፋውንድላንድ ሥሎ በ1838 ለንደን ላይ አሳይቷል። እስከ ዛሬ የዚያ ቀለም ውሾች ላንድሲር ይባላሉ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡስ? ቤት ይገዛል?

አይገዛም። ምግቡንና ሐኪሙን ይሸፍናል፣ ጥቂት ይተርፋል። ለገንዘብ ብለህ ትልቅ ውሻ አትግዛ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ ቀረጻ ላይ ተጎድቶ ያውቃል? ማን ነው የሚቆጣጠረው?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ እንስሳት ለትርኢት የሚያቀርብ ሰው ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ትላልቅ ፊልሞች ላይ ደግሞ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቱ የ«አሜሪካን ሂዩሜን» ተቆጣጣሪ ይቆማል። ይህ የመጣው በሞት ነው። በ1939 የወጣ ፊልም ሲቀረጽ ፈረስ ከገደል እንዲዘል ተደርጎ ሞተ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፣ በ1940 ክትትሉ ተጀመረ። ትንንሽ ማስታወቂያዎች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቆጣጣሪ የለም። ያለሽው አንቺ ነሽ።

አንድ ሐምሌ ላይ ውጪ እየሠራን ነበር። ሙቀቱ ሌላ ነበር። ጎሽ ከንፈሩን ደጋግሞ መላስ ጀመረ። አዛጋ። ፊቱን ከእኔ አዞረ። እነዚህ «በቃኝ» የሚልባቸው ምልክቶች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አንዱ አራት ሆነ። ጎሽ አራቱንም ሠራ፣ ምክንያቱም ያዘዝኩት እኔ ነኝ። መኪናው ጋ ስንደርስ አስታወከው፣ እግሩ ከዳው። በውኃ አርሰን ሐኪም ዘንድ አደረስነው፣ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያንን መኪና ሲያይ ይቀመጥ ነበር። አያጉረመርምም፣ አይነክስም። ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እስካሁን ይቆጨኛል። ቁጡ ውሻ ቢሆን ራሱ ያስቆማቸው ነበር። ገር ውሻ ግን እምቢ ማለት አይችልበትም፤ እምቢ የምትይለት አንቺ ነሽ። አሁን ውሉ ላይ የሙቀት ገደብና የእረፍት ሰዓት ሳይጻፍ አልፈርምም። ሁለት ሥራ አምልጦኛል። ይቅር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። የኔ ሀበሻ ውሻ ዝርያ የለውም። ይሆናል?

ለምን አይሆንም? በ1977 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ቲያትር ላይ «አኒ» በተባለው የሙዚቃ ድራማ ታዋቂ የሆነው ውሻ፣ ሳንዲ፣ አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ ከሚገኝ የባለቤት አልባ ውሾች መጠለያ የመጣ ነበር። አሠልጣኙ ቢል በርሎኒ ዛሬም በሥራው ላይ ነው። የሚታየው ጠባዩ ነው፦ የበር መዘጋት ያስደነግጠዋል? እንግዳ ሲዳስሰው ይረጋጋል? ከሁሉ በፊት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትቢ። ከዚያ «ቁጭ»ን በመንገድ ዳር፣ ገበያ አጠገብ፣ ሙዚቃ ባለበት አለማምጂው። ቤት ውስጥ ብቻ የሚታዘዝ ውሻ ገና አልሠለጠነም።

ጥያቄ፦ መቼ ጡረታ ይወጣል?

የዚህ ዝርያ ዕድሜ ከ9 እስከ 10 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ሩቅ አይደለም። ዘንድሮ መዝለል ያለበትን ሥራ ሁሉ ትቻለሁ። መጋደም ያለበትን ብቻ ነው የምቀበለው።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ ውሻ በጣም ትፈራለች። ጎሽን ማየት ግን ትፈልጋለች። ይቻላል?

በደስታ እህቴ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አምጫት። ስትመጡ ተጋድሞ ነው የምታገኙት። በፊቱ በኩል ሳይሆን በጎኑ ትቅረብ፣ ዓይኑን ትኩር ብላ አትየው። እጇን ካሸተተ በኋላ ጀርባው ላይ ታድርግ። ካልፈለገችም ከእናቷ ጉያ ሆና ትየው። እሱ አይነሳም፤ «ጋደም» ካልኩት እስክፈታው ድረስ እዚያው ነው።