ለረጅም ዓመት የሚሆን ቴሌቪዥን መምረጥ፦ ከባሕር ዳሩ ጠጋኝ ጋር ጥያቄና መልስ

ጠጋኙ፦ መተዳደሪያዬ ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ስለ አዲሱ የማውቀውም አሮጌው ጠረጴዛዬ ላይ ሲከፈት ካየሁት ተነስቼ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ከመቀመጫችሁ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት፣ የሰፈራችሁን የመብራት ሁኔታ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩትን። ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የነገርኋችሁ ሳምንት አይቆይም።

ከዓባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ ሳሎናችን አራት ሜትር በአራት ነው። ባለቤቴ 55 ኢንች ካልሆነ ይላል፤ እኔ 43 ይበቃናል ባይ ነኝ። የምናየው በዲሽ ነው።

ጠጋኙ፦ የሚለካው ሳሎኑ ሳይሆን ከሶፋው እስከ ስክሪኑ ያለው ነው። ኢንቹ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ስለሆነ 43 ማለት 109 ሳንቲሜትር ያህል፣ 55 ማለት 140 ያህል ነው። ያንን በ1.6 ስታባዢው በግርድፉ የመቀመጫውን ርቀት ይሰጥሻል፤ ለ43 ወደ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት፣ ለ55 ሁለት ሜትር ከሩብ። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ከሆነ ከሦስት ሜትር በላይ አለሽና ባለቤትሽ አልተሳሳተም። ነገር ግን በዲሽ የሚመጡት ጣቢያዎች ሁሉ እኩል ጥራት የላቸውም። ትልቅ ስክሪን ጥሩውን ምስል ሲያሳምር የደበዘዘውንም አጉልቶ ያሳያል። 50 ላይ ታረቁ።

ከሽምብጥ፦ የትኛው ቴሌቪዥን ይሻላል?

ጠጋኙ፦ ለማን? የት? ምን ሊያይበት? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

አዲስ ጎጆ፦ ጋሼ፣ ጥር ላይ ተጋብተን ቤት በማሟላት ላይ ነን። አንድ ጊዜ ገዝተን አሥር ዓመት እንዲያገለግለን እንፈልጋለን። ቀድሞ የሚበላሸው ምኑ ነው?

ጠጋኙ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ቀድሞ የሚሄደው የጀርባ ብርሃኑ ነው፤ እኛ ባክላይት የምንለው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ስክሪናቸው ራሱ ብርሃን አያወጣም። ከኋላው በቀጫጭን ዘንጎች ላይ የተደረደሩ ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች አሉ፤ እነሱ ናቸው የሚያበሩት። በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል ረድፉ በሙሉ ይጠፋል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ይህን እንዳወቁ ብርሃኑን ጨርሰው ይዘጉታል። ደንበኛው «ድምፅ አለ፣ ምስል የለም» ብሎ ያመጣልኛል። ክፍሉን አጨልሜ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ ሳስጠጋ ዜና አንባቢው ከጨለማው ውስጥ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል። ምስሉ አለ፣ ብርሃኑ ነው የሌለው።

አንዳንዱ ላይ ደግሞ ክብ ነጭ ነጥቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። ያ ስክሪኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ በእያንዳንዱ አምፖል ላይ የተለጠፈችው የፕላስቲክ ሌንስ ሙጫዋ ለቆ ወድቃለች። ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ካደላም አምፖሎቹ አርጅተዋል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ሙቀት ነው። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ ካሉት ደምቆ እንዲታይ ብርሃኑ እስከ ጫፍ ተለቅቆ ይቀመጣል፤ ገዢው እንዳለ ወስዶ ለዓመታት በዚያው ያየዋል። ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ «የሱቅ» የሚለውን ሁነታ «የቤት» በሉትና ባክላይቱን ወደ ግማሽ ገደማ አውርዱት። ባክላይት ነው ያልኩት፤ ብራይትነስ የሚለው በአንዳንዱ ቴሌቪዥን ላይ የጥቁሩን ደረጃ የሚቀይር ሌላ ነገር ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ብታዩ በዓመት 2,190፣ በአሥር ዓመት 21,900 ሰዓት ነው። ያልተጨነቀ አምፖል ይህን ይችለዋል።

ቅጥነቱም አያታልላችሁ። በጣም ከሚቀጥኑት ብዙዎቹ አምፖላቸው በጠርዝ ብቻ ስለሚደረደር ሙቀቱ አንድ ቦታ ይከማቻል። በመጨረሻም እዚሁ ከተማ በብዛት የተሸጠ ሞዴል ምረጡ፤ የሚተካ ዘንግ ስፈልግ አላጣም።

መምህሩ፦ በሰፈራችን መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ስታቢላይዘር ግዴታ ነው ወይስ የነጋዴ ወሬ?

ጠጋኙ፦ መምህር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ዝቅ ያለውን መብራት ነውና። እዚህ የሚሸጡት የዛሬዎቹ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳቸውም። የሚገድላቸው ከፍታው ነው። እሱም በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። የሰፈሩ ማቀዝቀዣ፣ ምጣዱ፣ ፓምፑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ይናወጣል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ወዲያው አትሰኩ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

ሁለተኛው የኒውትራል መላላት ነው፤ ስለዚህ ማንም አይናገርም። ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎች፣ እና አንድ ኒውትራል፣ ማለትም የጋራ መመለሻ ሽቦ ነው። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ ሲላላ ወይም ሲበጠስ የእናንተ ቤትና በሌላ ፌዝ ላይ ያለው የጎረቤት ቤት ያንን 380 ይካፈሉታል፤ እኩል ግን አይካፈሉም። ትንሽ ዕቃ የከፈተው ቤት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ምልክቱን ያዙ፦ የእናንተ አምፖል ከወትሮው አብዝቶ ሲደምቅ በዚያው ቅጽበት የጎረቤት ከደበዘዘ፣ ቴሌቪዥኑን አትንቀሉ፤ ሮጣችሁ ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር አውርዱ። በዚህ የሞተውን ስከፍት ከፊውዙ አጠገብ ያለችው ክብ ቫሪስተር፣ ከፍ ያለውን ቮልቴጅ የምትውጠው፣ ለሁለት ተሰንጥቃ፣ ቦርዱ ዙሪያዋን ጠቁሮ ነው የማገኘው።

ተራው ስታቢላይዘር በላዩ ላይ ከተጻፈው መጠን በላይ ሲመጣበት ራሱም ይቃጠላል። እኔ የምመክረው ቮልቴጁ ሲበዛ ጨርሶ የሚቆርጥና ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ነው። ስታቢላይዘር ከገዛችሁም መቁረጫ ያለው ይሁን።

ታንኳ፦ እኔ ያለ ምንም ስታቢላይዘር ዓመታት አይቻለሁ፤ አንድም ነገር አልሆነ። ማስፈራራት ነው።

ግሽ ዓባይ፦ ጎረቤቴም እንዲያ ሲል ነበር። አሁን ሬዲዮ ነው የሚያዳምጠው።

ታንኳ፦ ጎረቤትህ የገዛው ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ነው። ኮሪያ ሠራሽ ቢገዛ አይቃጠልም ነበር።

ግሽ ዓባይ፦ ኮሪያ ምን ልዩ ነገር አለው? የቻይናው እኩል ያሳያል፣ በግማሽ ዋጋ።

ታንኳ፦ በግማሽ ዕድሜም ጨምርበት።

ጠጋኙ፦ 380 ቮልት ኮሪያና ቻይና አይመርጥም። ደግሞም ሳምሰንግ የኤልሲዲ ፓነል፣ ያንን የጀርባ ብርሃን የሚፈልገውን ስክሪን፣ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል፤ ኤልጂ ቻይና ውስጥ ጓንግዡ ያለውን የኤልሲዲ ፋብሪካ ለቻይናው ቲሲኤል አስረክቧል። ቶሺባ ተብሎ የሚሸጠውም ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በቻይናው ሃይሴንስ እጅ ነው። ስለዚህ «ኮሪያ» ብለህ የገዛኸው ስክሪን ከቻይና ሊሆን ይችላል። በምስል ማቀነባበሪያውና በመለዋወጫው ልዩነት አለ፤ የለም አልልም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከፋሲሎ፦ ኦሌድ ወይስ ኪውሌድ? ብዙ ጊዜ የምከታተለው ዜና ነው።

ጠጋኙ፦ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ዘመድ አይደሉም። ኪውሌድ ያው የጀርባ ብርሃን ያለው ኤልሲዲ ሆኖ ቀለሙን የሚያሻሽል ስስ ንብርብር የተጨመረበት ነው። ኦሌድ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ምስሉም ተወዳዳሪ የለውም። ዜና ጣቢያ ግን አርማውንና የጽሑፍ ማስታወቂያውን ከቦታው አያነሣም። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ከተከፈተ እነዚያ ነጥቦች ከሌሎቹ ቀድመው ያረጁና ጥላው ይቀራል። ፊልም ወዳድ ብትሆን ኦሌድ እልህ ነበር።

ታንኳ፦ ለኳስስ? ቅዳሜና እሑድ ሊጉን ነው የማየው።

ግሽ ዓባይ፦ የአንተ ቡድን በየትኛውም ስክሪን ያው ነው።

ታንኳ፦ ዋንጫ ያየህበትን ዓመት ንገረንና እንነጋገር።

ጠጋኙ፦ ለዚህ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ለኳስ 120 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያድስ ፓነል እንቅስቃሴውን ያጠራዋል። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ስላየህ ግን አትመን፤ አንዳንዱ የፓነሉ ሳይሆን የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ሰው ሰብስበህ የምታይ ከሆነ ከጎን ሆኖም የሚታይ አይፒኤስ ፓነል ፈልግ። ቪኤ የሚባለው ሌላው የፓነል ዓይነት ከፊት ለፊቱ ጥቁሩ የተሻለ ነው፣ ከጎን ግን ይገረጣል።

የዲያስፖራ እህት፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሊያመጣልን ነው። እዚያ ርካሽ ነው አለ። ምን ይመስልዎታል?

ጠጋኙ፦ ከመግዛቱ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ካለ ይሠራል። «ከ110 እስከ 120» ብቻ ካለ እኛ ሶኬት ላይ በሰካሽው ቅጽበት ያልቃል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። መቀነሻ ትራንስፎርመር ያድነዋል፤ ግን አንድ ቀን አንድ ልጅ ቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይሰካዋል። የአየር ሥርጭት መቀበያውም ከእኛ ጋር አይገጥምም፤ በዲሽና በሪሲቨር ለምታዩት ግን ለውጥ የለውም። ከዱባይ ቢሆን ቮልቴጁ ባላሳሰበሽ ነበር።

ከደቅ፦ የምንጠቀመው ሶላር ነው። ባለ 12 ቮልት አንድ የ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለን። ስንት ኢንች ይችላል?

ጠጋኙ፦ ኢንቹን ሳይሆን ዋቱን ጠይቅ፤ ከጀርባው ተጽፏል። ባትሪህ በስም 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ 600 ማለት ነው። 40 ዋት የሚበላ ባለ 32 ኢንች በምሽት አራት ሰዓት ብታዩ 160 ይወስዳል። ለአምፖልና ለስልክ ይተርፋል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ካገኘህ እሱን ግዛ፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ይቀርልሃል። ባክላይቱንም ዝቅ አድርገው፤ ፍጆታውም አብሮ ይወርዳል።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ስማርት ይሁን አይሁን? ዩቲዩብ እንዲከፍት ነው።

ጠጋኙ፦ ስማርቱ ከስክሪኑ ቀድሞ ያረጃል። መተግበሪያዎቹ ይከብዱታል፣ ማሻሻያው ይቆማል። ያኔ ኤችዲኤምአይ በሚባለው መሰኪያ ላይ ዩቲዩብ የሚከፍት ትንሽ ሣጥን ትሰካለህ፤ አለቀ። ለእሱ ብለህ ገንዘብ አትጨምር።

አዲስ ነኝ፦ ሰላም፣ ጥሩና የሚበረክት ቴሌቪዥን ጠቁሙኝ።

ጠጋኙ፦ ሦስቱን ነገር ሳትጽፍ መልስ የለኝም።

እማማ ከጊዮርጊስ ሰፈር፦ ልጄ፣ ይህን የምታጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ቴሌቪዥኑን አቧራ እንዳይገባው ጥልፍ አልብሼው ነው የማኖረው። ቡና የማፈላውም ከሥሩ ነው። ጉዳት አለው?

ጠጋኙ፦ እማማ፣ ጥልፉ ሲጠፋ ይልበስ፤ ሲከፈት ግን ሙሉ በሙሉ ይውለቅ። ከጀርባው ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው። ረከቦቱን ግን ወደ ሌላው ጥግ ቢያዛውሩት ደስ ይለኛል፤ የዕጣኑና የቡናው ጭስ ከአቧራ ጋር ተዋሕዶ ቦርዱ ላይ ይጋገራል፣ ሲጠረግም አይለቅም። ሲያጸዱትም ውኃ አይርጩበት። የረጩት ወደ ታች ወርዶ ከስክሪኑ ጠርዝ ሥር ባሉት ስስ ማገናኛዎች ላይ ይቀመጥና ቀጥ ያሉ መስመሮች ያመጣል፤ ያ በቀላሉ አይጠገንም። ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ዕድሜ ይስጥልኝ።

መምህሩ፦ አንድ ልጨምር። መብረቅ ሲሆን ሶኬቱን መንቀል ይበቃል?

ጠጋኙ፦ አይበቃም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደመናው ከሐይቁ ሲነሣ ወደ እኔ የሚመጣው ግማሹ ሥራ በዲሹ ገመድ የገባ ነው። ከጣሪያ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ ዋና ቦርድ ይሄዳል። ሶኬቱ ተነቅሎ እንኳ ይቃጠላል። ስለዚህ የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፤ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ እንጂ ከቀረበ በኋላ ገመድ አትንኩ። እንደገና እላለሁ፦ መብራት ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ።

አዲስ ጎጆ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሼ። ሱቅ ውስጥ ምን አይተን እንረከብ?

ጠጋኙ፦ ፍላሽ ላይ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭና ሙሉ ግራጫ ምስል ጭናችሁ ሂዱ። በጥቁሩ የጠርዝ ብርሃን ማፍሰሱን፣ በነጩ የሞቱ ነጥቦችን፣ በግራጫው የጠቆረ ቦታ ወይም ሰንበር ታያላችሁ። የነጋዴውን ማሳያ ቪዲዮ አትመልከቱ፤ እሱ በየትኛውም ላይ ያምራል። ከዚያ የሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ በካርቶኑ፣ በጀርባውና በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ (ሴቲንግ) ውስጥ አንድ መሆኑን አመሳክሩ። በካርቶኑ ታዋቂ ስም ተለጥፎ ውስጡ ሌላ ሆኖ አይቻለሁ። 4ኬ ከተባለም የስክሪኑ ጥራት 3840 በ2160 ነጥብ መሆኑን አረጋግጡ፤ «4ኬ ይቀበላል» ማለት 4ኬ ያሳያል ማለት አይደለም። ደረሰኙ ላይ መለያ ቁጥሩ ይጻፍ።

አዲስ ጎጆ፦ በባጃጅ ይወሰዳል?

ጠጋኙ፦ እስከ 43 ቆሞ ከገባ ይወሰዳል፣ አንዳችሁ ከጎኑ ይዛችሁት። ከዚያ በላይ መኪና ፈልጉ። አስተኝታችሁ ግን አትጫኑት፤ መንገዱ ላይ ባለ አንድ ጉድጓድ ስክሪኑ ከመሐል ይሰነጠቃል፤ ካርቶኑ ሳይነካ እንኳ።