ስለ ባልዛክ የጠየቃችሁኝ

ስለ ጃፓኑ የሆረር ፓንክ ባንድ ስለ ባልዛክ የላካችሁልኝን ጥያቄ ሰብስቤ እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባልዛክ የፈረንሳይ ደራሲ አይደል እንዴ?

ነው። እኔ የማወራው ግን በ1992 ኦሳካ ላይ ስለተመሠረተው ባንድ ነው። መሥራቹም ድምፃዊውም ሂሮሱኬ ይባላል። ልብ ወለድ ፍለጋ ከመጣህ ተሳስተሃል፤ ግን ቁጭ በል።

ሆረር ፓንክ የሚባለው ምንድነው?

ፓንኩ ያው ፓንክ ነው፤ ጩኸት የበዛበት የሮክ ሙዚቃ። ፈጣን፣ አጭር፣ ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ የጊታር ድምፆች) የሚበቃው። ግጥሙ ግን መቃብር፣ ደም መጣጭ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው። ብዙው የሚቀዳው ከ1950ዎቹና ከ60ዎቹ ርካሽ አስፈሪ ፊልሞች ነው። የባልዛክን የ1995 የመጀመሪያ አልበም እዩት፤ «ዘ ላስት ሜን ኦን ኧርዝ» ይላል፤ «በምድር ላይ የመጨረሻዎቹ ሰዎች» ማለት ነው። ቪንሰንት ፕራይስ የተወነበት የ1964 ፊልም ርዕስ «በምድር ላይ የመጨረሻው ሰው» ነበር። እነሱ ሰውየውን አበዙት።

ሚስፊትስን ኮርጀው አይደል እንዴ?

ይቺን አራት ሰው ጠይቋታል። መነሻቸው ሚስፊትስ መሆኑን ማን ይክዳል? ሚስፊትስ በ1977 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ የተነሳ ባንድ፣ የዚህ ስልት አባት ነው። የአጽም ሥዕል ያለበት ልብስ፣ ሕዝቡ አብሮ የሚጮኸው «ኦ ኦ ኦ»፣ ሁሉም የመጣው ከዚያ ነው። ፀጉሩም እንዲሁ። ቁንጮ ተትቶለት ያደገ ልጅ ቁንጮውን አርዝሞ አፍንጫው ላይ ሲያወርደው አስቡት።

ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ምን አደረጉ? በ2002 ከባልዛክ ጋር አንድ ሲዲ ተካፍለው አወጡ። በ2003 ደግሞ የሚስፊትስ አሳታሚ «ቢዮንድ ዘ ዳርክነስ» የተባለውን የባልዛክ አልበም አሜሪካ ውስጥ አወጣላቸው። ሌባ ናቸው ብሎ ቢያስብ በሩን ይከፍትላቸው ነበር?

ደግሞም ባልዛኮች እዚያው አልቆሙም። ከ2000 በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ እያስገቡ ሄዱ። በ2005ቱ አልበማቸው «ዳርክ-ኢዝም» ላይ በደንብ ይሰማል። ለእኔ ግን ትልቁ ልዩነት ዜማው ነው። ሚስፊትስ ሲያስፈራራ ይስቃል፤ ባልዛክ ሲያስፈራራ ያዝናል። ዝማሬው ሲነሳ ሆዴ የሚባባው ለዚህ ይመስለኛል። (ባለቤቴ አትስማማም። ለእሷ ጩኸት ነው።)

ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው?

ኧረ ተው! ዘፈናቸው ውስጥ ያለው የፊልም ጭራቅ ነው። ልጅ ሆነን የጅብ ተረት ሲነገረን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን «ድገሙልን» እንል የለ? እሱ ነው።

ጃፓንኛ አልችልም። ይገባኛል?

«ኦ ኦ ኦ» ምን ቋንቋ ነው?

ከየት ልጀምር?

ከ«ቢዮንድ ዘ ዳርክነስ»። ከወደድከው ወደ ኋላ ተመልሰህ የ1998ቱን «ዲፕ» ስማ። ጥሬ ነው፣ ቀረጻውም ጥርት ያለ አይደለም፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። «ዳርክ-ኢዝም»ን መጨረሻ ላይ አድርገው። በእሱ የጀመሩ ሁለት ጓደኞቼ እስካሁን ፓንክ መሆኑን አላመኑኝም።

እቃዎቻቸው ለምንድነው እንዲህ የሚሰበሰቡት?

አንዳንዱ በጥቂት ቅጂ ብቻ ስለሚወጣ ነው። ሲዲው፣ አሻንጉሊቱ፣ ቲሸርቱ፣ ሁሉም ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለ። አድናቂው ደግሞ አንድ ሲያገኝ ሌላው ያምረዋል። እኔ ያለኝ አንድ ቲሸርት ነው፤ እሱም ጠቦኛል።