ደንበኛ ልጨምር ወይስ ያሉኝን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሳሪስ አካባቢ እንጀራ እየጋገርኩ አከፋፍላለሁ፣ አብረውኝ የሚሰሩ ሁለት ልጆች አሉ። በቀን ወደ 500 እንጀራ እናወጣለን። 150ውን የአንድ ክሊኒክ ካፌ ይወስዳል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ በቴሌብር ይከፍለኛል። አንድ ሆቴልም 150 ይወስዳል ግን ብሩ የሚመጣው ወር ሞልቶ ሌላው ወር ሲጋመስ ነው። የቀረው ለ12 ሱቆችና ደጃፌ ድረስ መጥተው ለሚገዙ ጎረቤቶች ነው፣ ሱቆቹ ጋ ዱቤም አለ ተመላሽም አለ። ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ውዬ ጤፍ ልገዛ ስል እጄ ላይ ብር የለም። ባለቤቴ ምጣድ ጨምሪና ሌሎች ሱቆች ያዢ ይለኛል፣ እናንተስ ምን ትሉኛላችሁ?
የሳሪሷ ጋጋሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ምጣዱ ለጊዜው ይቆይ። ብርሽ ያለው ሆቴሉና ሱቆቹ ጋ ነው፣ አሁን ምጣድ ብትጨምሪ ያው ለነሱ ነው የምትጋግሪበት። ክሊኒኩን የመሰለ ሁለተኛ ደንበኛ አግኝተሽ የጠዋቱ ጋገራ አልበቃ ሲልሽ ያኔ ግዢ።

ዋጋሽን ስላልጻፍሽልን አንዱን እንጀራ በ25 ብር ትሰጫለሽ፣ 22 ብር ወጪ አለው፣ 3 ብር ይተርፍሻል ብለን እናስላ። አንድ ሱቅ 20 እንጀራ ወስዶ 3 መለሰ እንበል። በተሸጠው 17 እንጀራ 51 ብር አተረፍሽ፣ በተመለሰው 3 ደሞ 66 ብር አወጣሽ፣ ስለዚ 15 ብር ከሰርሽ ማለት ነው፣ የባጃጁን ሳንቆጥር። ድርቆሽ አርገሽ ብትሸጪው ትንሽ ይመልስልሽ ይሆናል ግን እሱም ጉልበት ነው። ደጅሽ መጥታ 5 እንጀራ በካሽ የምትገዛው ጎረቤትሽ ግን 15 ብር አትርፋልሽ ነው የምትሄደው፣ ትራንስፖርት የለ ዱቤ የለ። እኔ ብሆን እነዚህን የደጅ ደንበኞች በጣም ነው የምንከባከባቸው፣ ለበዓል ቀድመው እንዲያዙ ከሳምንት በፊት ስልክ እደውልላቸዋለሁ።

ሆቴሉስ? በቀን 150 በ25 ብር 3,750 ብር ነው፣ እሁድን ትተሽ በ26 ቀን 97,500 ብር ይሆናል። ይሄን ሁሉ ብር ያለወለድ አበድረሽዋል ማለት ነው፣ የጤፍ ነጋዴው ግን ኩንታሉን በካሽ ነው የሚሸጥልሽ። ብዙ የሚወስድ ደንበኛ ሁሉ ጥሩ ደንበኛ እየመሰለን ነው ብዙዎቻችን የምንጎዳው፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም የሚጎዱት ጠንካራ ሰራተኞቹ ናቸው።

ከነገ ጀምረሽ አንድ ደብተር ያዢ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ስጪና ስንት ወሰደ፣ ስንት መለሰ፣ መቼ ከፈለ፣ ለማድረስ ስንት ወጣ የሚለውን በየቀኑ ጻፊ፣ በቴሌብር የገባልሽን ደሞ ከስልክሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ወር ሲሞላ ማን እንደሚያኖርሽ ማን እንደሚያደክምሽ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። 80/20 የሚባል ነገር ሰምተሽ ይሆናል፣ ፓሬቶ ከሚባለው ጣሊያናዊ ኢኮኖሚስት ስም ጋር የተያያዘ አባባል ነው፣ አብዛኛው ትርፍ ከጥቂት ደንበኞች ይመጣል ለማለት ነው። ቁጥሩን እንደ ህግ አትያዢው፣ ያንቺን የሚነግርሽ ደብተርሽ ነው።

ከዛ ጊዜሽን ለክሊኒኩ ስጪ። ልጅ አትላኪ ራስሽ ሂጂና የካፌዋን ኃላፊ አነጋግሪያት፣ እንጀራው ስንት ሰዓት ቢደርስላት ይመቻታል፣ መጠኑስ እንዴት ነው፣ ሽሮና በርበሬ ከማን ነው የምትገዛው፣ ረቡዕና አርብ እንዲሁም 55 ቀኑ ሁዳዴ ሲገባ ሰው በያይነቱ ሲያበዛ ስንት ይጨመርላት? እሷ ቀድማ ከነገረችሽ አንቺም ቀድመሽ ታቦኪያለሽ፣ ምንም አይተርፍም ምንም አያንስም። ደስ ካላት ደሞ እሷን የመሰሉ የመስሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ካፌ የያዙ ሰዎች ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያትና ታስተዋውቅሽ፣ እዚህ አገር ስራ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። ድርጅት ግን ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና ደረሰኝ ይጠይቃል፣ እሱ ካልተሟላ ከወዲሁ ጀምሪው።

ሱቆቹን ስታናግሪ ይሉኝታ እንዳይዝሽ። እነሱም እኮ "ዱቤ ዛሬ የለም ነገ ይሞክሩ" ብለው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ናቸው፣ ይገባቸዋል። ከሚቀጥለው ወር 1 ጀምሮ ተመላሽ አልቀበልም፣ የሚሸጥላችሁን ያህል ብቻ ውሰዱ፣ ሂሳብ በእለቱ በያቸው። ግማሾቹ ይሄዳሉ፣ ይሂዱ።

ሆቴሉን ግን ተቆጥተሽ እንዳትለቂው፣ ያለበት ብር እጅሽ ሳይገባ ከተጣላችሁ መከራሽን ነው የምታዪው። በየ15 ቀኑ ይክፈለኝ በይ፣ እምቢ ካለ ቀስ እያልሽ ወደ 80 አውርጂለትና የተረፈውን በየሳምንቱ ለሚከፍል ደንበኛ ስጪ። ክሊኒኩም ቢሆን ከጠቅላላ ስራሽ ሲሶውን እንዳያልፍ ጠንቀቅ በይ፣ አንድ ቀን የካፌው ኮንትራት ለሌላ ሰው ቢሰጥ ሁለቱን ልጆች የምትከፍያቸው ከየት ነው?