የእናትሽ ጥርስ መሳቢያ ውስጥ አይቅር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እናትሽ ላይና ታች ሙሉ ጥርስ አሠርተው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ የታችኛው ድዳቸውን ስላቆሰላቸው ሁለቱንም አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተዋል፤ «በድዴ እበላለሁ» ይላሉ። አንቺም ጨክኜ ላስለምዳቸው ወይስ ልተዋቸው ብለሻል። እኔ ደሴ ነኝ፣ እንደሳቸው ላይና ታች አሠርቼ ዓመታት አልፈዋል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሁለቱንም አታድርጊ። ወደ ሠራላቸው ሐኪም መልሰሽ ውሰጃቸው። አዲስ ጥርስ ከአፍ ጋር እስኪስማማ መመላለስ ያለ ነገር ነው፤ ቁስል ግን በትዕግሥት የሚለመድ አይደለም፣ የሚወጋው ቦታ መሞረድ አለበት። ደግሞ እቤት ውስጥ በቢላ ወይም በሞረድ እንዳትነኩት፣ ልኩ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ጥርሱን በላስቲክ ቋጥረው አይሂዱ። ቢችሉ ከዋዜማው ጀምሮ፣ ካልቻሉ የዚያን ዕለት ጠዋት ጥቂት ሰዓት ያድርጉት፤ ድዱ ላይ ምልክቱ ካልታየ ሐኪሙ የቱን እንደሚቀንስ በምን ያውቃል? እኔን የወጋኝ በግራ በኩል ምላሴ ሥር ነበር። ሐኪሙ ቁስሉን ቀለም ነካ አደረገው፣ ጥርሱን አስገብቶ አወጣው፣ ከዚያ ቀለሙ ያረፈበትን ጠርዝ ብቻ ሞረደልኝ። እስከዚያው እናትሽ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጠው ይጉመጥመጡ።

የታችኛው ከላይኛው ይልቅ እንደሚያስቸግር ንገሪያቸው፤ ጥፋቱ የሳቸው እየመሰላቸው እንዳይሆን። የላይኛው ላንቃውን ሸፍኖ በምራቅ ተጣብቆ ይቀመጣል። የታችኛው ማረፊያው ጠባብ ነው፣ ምላስም ይገፋዋል። የምላሳቸውን ጫፍ ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ አስደግፈው ማሳረፍ ይልመዱ፣ ብዙ ይረዳል። ምራቁ ሲበዛባቸው አይደንግጡ፣ ያልፋል። ለንግግሩ ዱዓቸውንም ሆነ ጸሎታቸውን ድምፅ አውጥተው ያድርሱ።

ምግቡን በሽሮ ፍትፍት፣ በገንፎ፣ በቂንጬ ይጀምሩ። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ በሁለቱም ጎን ያኝኩት፤ በአንድ ጎን ብቻ ሲያኝኩ በሌላው በኩል ይነሳል። ዳቦውን በእጅ ቆርሰው እንጂ በፊት ጥርስ አይግመጡት። ቡና ላይ ይጠንቀቁ፦ ላንቃቸው ስለተሸፈነ ትኩሳቱ የሚታወቃቸው ጉሮሮ ሲደርስ ነው። ቆሎ ግን እኔም ትቼዋለሁ፤ ስብርባሪው ከሥር ሲገባ ድድን ይፈጃል። የገብሱ ጣዕም ከናፈቃቸው በሶ አለ።

እጥበቱን ራስሽ አሳያቸው። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጊና ከሱ በላይ ይጠቡት፤ ከእጅ ቢያመልጥ ውሃው ላይ ይወድቃል፣ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ግን ለሁለት ነው። የታችኛውን በመዳፍ ጨምቀው አይያዙት፣ መሃሉ ይሰበራል። ለስላሳ ብሩሽና ተራ የእጅ ሳሙና ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይሰገሰጋል። እኛ ደሴ በጠዋት የቧንቧው ውሃ ጣት ስለሚያደነዝዝ ከጀበናው ፈላ ያለ መጨመር ያሰኛል፤ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የፈላ ውሃ ቅርፁን ያጣምመዋል። እናንተ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ መስኮት ላይ ደርቆ እንዳይውል፤ ሲደርቅም ልኩ ይለወጣል። መሳቢያውን የማልወድላቸው ለዚህም ነው። ከአፍ ሲወጣ ክዳን ባለው ዕቃ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ድዱና ምላሱም በለስላሳ ጨርቅ ይታበስ።

ማታ ያውልቁት። ብዙ እናቶች ልጅና እንግዳ ፊት ያለ ጥርስ መታየት ስለሚያፍሩ አድርገውት ያድራሉ። ሌት ተቀን ሲሆን ከሥሩ ፈንገስ ይራባል፣ ላንቃው ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው አይታወቅም። ጃፓን ውስጥ ዕድሜያቸው 85 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ጥርሳቸውን አድርገው የሚተኙት ለሳንባ ምች ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። እባክሽ ይህን አጥብቂው።

የሚጾሙ ከሆነ፣ በተለይ በረመዳን፣ አፍ ሲደርቅ የላይኛው ይላላል፤ ሲያፈጥሩ መጀመሪያ ውሃ ይጎንጩ፣ ከዚያ ይብሉ። አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒንም አፍ ያደርቃል፣ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ጥርሳቸው ከተነቀለ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው አልጻፍሽም። በቅርብ ከሆነ የመንጋጋው አጥንት በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ስለሚሟሽሽ፣ ዛሬ ልክ የሆነው በወራት ውስጥ ይሰፋቸዋል፤ ያኔ አዲስ ከማሠራት በፊት ያለውን ከውስጥ በኩል እንዲሞላላቸው ጠይቂ። እሱን ንገሪኝና የቀረውን እጽፍልሻለሁ።