እግሬ መቆም ሲከለክለኝ ተቀምጬ ላስቀድስ?

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ በግራ እግሬ ጥልቅ ደም መልስ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። እግዚአብሔር ቢያተርፈኝም፣ ዓመታት አልፈው እግሬ ዛሬም ያብጣል፣ ይከብደኛል፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለው ቆዳም ጠቁሯል፤ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒትም እወስዳለሁ። በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳስቀድስ ብዙ መቆም አልችልም፤ ስቀመጥ ደግሞ ወጣት መሆኔን አይተው የሚገላምጡኝ አሉ። በሰሙነ ሕማማትም እንደ ሰው መስገድ አልቻልኩም። ጎረቤቴ በበኩሏ «ጠበል እየተጠመቁ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጣት ነው» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ተቀምጠው ማስቀደስዎ ኃጢአት አይደለም፤ መድኃኒትዎን መውሰድዎም እምነት ማጣት አይደለም።

ሕመምዎ ከውጭ ብዙም ስለማይታይ የሚገላምጡዎት ሰዎች ሊረዱት አልቻሉም። በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ደሙ ወደ ልብ ሲወጣ ተመልሶ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግዱ ትናንሽ መዝጊያዎች አሉ፤ ደም ሲረጋ እነዚህ መዝጊያዎች ይጎዳሉ፣ ሥሩም ይጠብባል። የረጋው ደም ከሟሟ በኋላም ጉዳቱ ስለሚቀር፣ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ብዙ በቆመ ቁጥር ደሙ በእግሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እብጠቱ፣ ክብደቱና የቆዳው መጥቆር ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቸል ከተባለም በቁርጭምጭሚት አካባቢ በቀላሉ የማይድን ቁስል ሊያስከትል ይችላል። በእግራቸው ደም ከረጋባቸው 100 ሰዎች ከ20 እስከ 50 የሚሆኑት እንዲህ ያለ ሕመም እንደሚተርፋቸው ሐኪሞች ይናገራሉ። ስለዚህ በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ጥግ ይዘው ከሚቀመጡት መካከል እንደ እርስዎ ያሉ ብዙዎች መኖራቸውን አልጠራጠርም፤ ገላማጮቹም ይህን ቢያውቁ ከመፍረድ ይድኑ ነበር።

አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው መጸለያቸውን እያሰቡ እንደሚያዝኑ እገምታለሁ። ያ ለእርሳቸው የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን ሁሉ ሕግ አድርጋ አልደነገገችውም። በሁለት እግሩ ሽባ የነበረው ሜምፊቦስቴ ሁልጊዜ ከንጉሡ ከዳዊት ማዕድ ይበላ እንደነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ በምዕራፍ 9 ይነግረናል፤ የእግሩ ጉዳት ከማዕዱ አላራቀውም።

ስለዚህ ሲችሉ ወንጌል ሲነበብ በመቋሚያ ተደግፈው ይቁሙ፤ ሌላውን ጊዜ ያለ ኀፍረት ይቀመጡ። ተቀምጠውም ቢሆን እግርዎ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም፤ ቁርጭምጭሚትዎን ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፣ ሲቻልም እግርዎን ከፍ ያድርጉ። በእኛ ሥርዓት እግርን ወደ መቅደስ መዘርጋት ነውር ስለሆነ እግርዎን ወደ ጎን ዘርግተው መቀመጥ የሚችሉበትን ስፍራ፣ ለምሳሌ በዐጸዱ ውስጥ ካሉት ዛፎች ሥር፣ ይምረጡ። ቤተ ክርስቲያኑን በእርጋታ እየዞሩ መሳለምም ለእግርዎ ጥሩ ነው፤ ሲራመዱ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋልና። ሐኪም ያዘዘልዎትን እግር ጨምቆ የሚይዝ ካልሲ ጫማ አውልቀው በሚገቡበት ጊዜም አያውልቁት፤ ካልሲ አድርጎ መግባት ክልክል አይደለም።

ስለ ስግደት፣ ሥርዓቱ እንደ ዐቅም ነው። የሰሙነ ሕማማትን ስግደት ጉልበትዎ የማይፈቅድ ከሆነ ራስዎን ዝቅ አድርገው ይስገዱ፤ የቀረውን በጸሎት፣ በምጽዋትና ግብረ ሕማማት ሲነበብ በማዳመጥ እንዲፈጽሙት ንስሐ አባትዎ ይወስኑልዎታል። በጾምም እንዲሁ ነው፤ ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ጾምን ሲደነግግ ሕመምተኛን አያስገድድም። ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ሰዓት መቆየት ደምን ስለሚያወፍር፣ የሰዓቱን ርዝመት ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው እንጂ በራስዎ አይወስኑ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉትን አንድ ነገር ልጨምር። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በጾም ወራት በድንገት ጎመን ቢያበዛ፣ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንሰው ደሙ ዳግመኛ ሊረጋ ይችላል፤ ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑን በአንድ ጊዜ ቢተው ደግሞ መድኃኒቱ በርትቶ ደም ሊያፈስ ይችላል። ጎመን አይብሉ ማለቴ አይደለም፤ በጾምም በፍስክም መጠኑ የተቀራረበ ይሁን፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊትም ለሐኪምዎ ነግረው የደም መቅጠን ምርመራውን ያድርጉ።

ወደ ጎረቤትዎ ቃል ስመለስ፣ ይህ ትምህርት የቤተ ክርስቲያን አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እግዚአብሔር ከምድር የፈጠረውን መድኃኒትም እንዳንንቅ ያዝዘናል። አቡነ ጳውሎስም በፕትርክናቸው ዘመን ብዙዎች በእንጦጦ ጠበል እየተጠመቁ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ባቆሙበት ጊዜ ሁለቱንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርገው አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ይጠመቁ፤ ተራ ሲጠብቁ ግን ቆመው አይዋሉ፣ ከተጠመቁም በኋላ እግርዎን በጣቶችዎ መካከል ሳይቀር በደንብ ያድርቁ። መድኃኒቱን አቁሙ የሚልዎትን ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይስሙት፤ ዋርፋሪንን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው። ጠበሉ ገና ስላልፈወስዎትም እምነትዎ ጎደለ ማለት አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተቀበለው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር።

በመጨረሻም፣ እግርዎ ከወትሮው በተለየ በድንገት ቢያብጥና ቢያምዎት፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎት፣ ደረትዎን ቢወጋዎት ወይም ደም ቢያስልዎት፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላልና ቅዳሴው እስኪያልቅ አይጠብቁ። ያለ ችግር ቅዳሴ አቋርጦ መውጣት የተከለከለ ቢሆንም ይህ ችግር ነው፤ አጠገብዎ ያለውን ሰው ደግፈኝ ብለው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።